ትኬቱን ለማን ላክኸው?

ጥቅምት 6

ለሹክሹክታዬ፣

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጤናሽ እየጠየቀ ግማሽ ገጽ ይፈጅ ነበር። እኔ ግን ሥራ የበዛብኝ ሰው ነኝ። ደህና እንደሆንሽ አውቃለሁ። ደህና ባትሆኚ ኖሮ እህትሽ እትዬ መርፌ ከተማውን ቀውጣው እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ጥያቄሽን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ደረስኩ። አዎ፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። አዎ፣ ወርጄ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩና ረዳቱ ክሪኩን ገልብጠው ይዘው ሲፋጠጡ አንጀቴ አልቻለም። የጎሚስታ ልጅ ቁጭ ብሎ ያያል እንዴ? ስጨርስ ተሳፋሪው አጨበጨበልኝ። «ማነው ይሄ ልጅ?» ሲባባሉ «ቆዩ፣ ፊልም ላይ ታዩኛላችሁ» አልኳቸው።

ያረፍኩት ሆቴል ነው። መስኮት አለው፣ መስታወት አለው፣ ቁልፉ ላይ ቁጥር አለው። ጠዋት ጠዋት በር እያንኳኩ «ጌታዬ፣ መኪናው መጥቷል» ይሉኛል። እኔን! ጌታዬ!

ፊልሙ ያው የኛው ቴአትር ነው። ባሏ ባሕር ላይ ቀረ የተባለች ሴት፣ ቤቷን የተከራየ ልጅ፣ ፍቅር፣ ከዚያ ሞተ የተባለው ባል ከነነፍሱ ከች ሲል ልጁ ሻንጣውን ይዞ ውልቅ። ልዩነቱ እዚህ በሩ የእውነት በር ነው። ጋሼ መጋረጃ ከካርቶን የሠሩት በር ስንት ጊዜ እጄ ላይ እንደቀረ ታውቂያለሽ።

ለምን አንተን መረጡህ ነው ያልሽው? አይ አንቺ! ዳይሬክተሩ እኮ ያን ቅዳሜ አዳራሹ ኋላ ተቀምጦ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ ነው። «እዚህ ከተማ ቃል የሚያሳምር አክተር ሞልቶኛል። አንተን ያመጣሁህ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ስትቆም ላለችው ዝምታ ነው» አለኝ። ሰምተሻል? ሌላው ሲናገር ነው የሚከፈለው፣ እኔ ዝም ስል። ቃሉ ጠፍቶኝ፣ አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ሹክ እስክትዪኝ እየጠበቅኩ እንደነበር ግን አልነገርኩትም። የሙያ ሚስጥር ነው።

«እኔስ ምን ልሁን?» ያልሽውንም አንብቤዋለሁ። ፊልም ላይ እኮ ሹክ ባይ የሚባል ሥራ የለም፣ ካሜራው ይሰማል። መጀመሪያ እኔ ልግባ፣ ከዚያ ላንቺ የሚሆን ነገር አይጠፋም። ስለ እኛ ጉዳይ ደግሞ በሌላ ደብዳቤ በሰፊው።

እንደተለመደው ለእማዬ አንብቢላት። ሆቴሉ ጋ ስትደርሺ ጮክ አድርገሽ፣ ጎረቤት ይስማ።

ነጎድጓድ
(በቅርቡ በየግድግዳው የሚለጠፈው)


ጥቅምት 27

ለሹክሹክታዬ፣

አይ፣ አልሳምኳትም።

እመቤቲቱን ማለቴ ነው። ሁላችንም እመቤቲቱ ነው የምንላት፣ እሷም ሌላ ስም ያላት አይመስለኝም። ቀረጻው ላይ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠጋለሁ፣ ከዚያ «ቁረጥ!» ይላል ዳይሬክተሩ፣ ከዚያ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች። ይኸው ነው። ለኔ ሟች ናት ግን። ዓይኗ ይናገራል። እንዳትቀኚ፣ ሲያዩኝ እንዲህ የሚሆኑት ብዙ ናቸው።

ሥራው እንደ ውሃ እየፈሰሰ ነው። መጀመሪያ ላይ ብቻ ድምፄ ትንሽ ከበዳቸው። ድምፅ የሚቀርጸው ሰውዬ ጆሮው ላይ የሚደፋውን ነገር አውልቆ ወረወረና «ወንድሜ፣ ሴትየዋ እኮ አጠገብህ ናት፣ ከወንዝ ማዶ አይደለችም!» አለኝ። እኔ ደግሞ «ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትስ ከፍለው አይደል የሚገቡት?» አልኩት። ሳቁ። በቀልዴ ነው የሳቁት።

ደግሞ ጉድ ልንገርሽ። ቃሉን በሙሉ ሸምድጄዋለሁ! ሜካፕ ሠሪዋ እያነበበችልኝ ከዳር እስከ ዳር ያዝኩት። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፣ ቀስ እያልኩ እጽፍልሽ የለ? ዓይኔ እንዳይቀላ ነው። አሁን ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ብትጠይቂኝ የእመቤቲቱን ቃል ሳይቀር እነግርሻለሁ። ከእንግዲህ ነጎድጓድ ቃል ጠፋው የሚባል ወሬ የለም።

እግረ መንገድሽን አንድ ነገር ጻፊልኝ። ያቺ በሩ ላይ ያለችው ዝምታ ምን ያህል ትረዝም ነበር? ለዳይሬክተሩ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። የመጨረሻውን ትዕይንት በቅርብ እንቀርጻለን፣ ሰውዬው ደግሞ ሁሉን ነገር መለካት ይወዳል።

ድምፄ ጎረነነ ያልሽኝ ምን ሆነሽ ነው? ማር በሙቅ ውሃ ጠጪበት። ስትስቂ አፍሽን ከፍተሽ ነዋ፣ ብርድ መትቶሽ ነው።

ስለ እኛ ጉዳይ ጀምሬ ነበር፣ ወረቀቱ አለቀብኝ። የሆቴሉ ወረቀት ትንሽ ነው።

ነጎድጓድ


ኅዳር 9

ለነጎድጓድ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። የአዳራሹን መጋረጃ አውርደን ስናጥብ ነበር፣ ሌላም ሌላም ነበር።

እማማ ደህና ናቸው። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ሆቴሉ ጋ ስደርስ ጮክ አላልኩም፣ ጉሮሮዬ እሺ አላለኝም። እሳቸው ግን ራሳቸው ደጅ ወጥተው «መስታወት ያለው ክፍል ነው!» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ጮኹልህ። ማሩንም ጠጥቻለሁ። ስለሱ ሌላ ቀን።

ዝምታዋን በሰዓት ለክቼ አላውቅም። በሩ ላይ ስትቆም ሁሌም ቃሉ ይጠፋሃል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ እነግርህ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስነጠሰኝና አፌን ስይዝ ዘገየሁ። ቀና ስል ፊትህን አየሁት። እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። የምር የሚሄድ፣ መሄድ የማይፈልግ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲለው የሚለምን ሰው። አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ነው የማዘገየው። የሻንጣውን እጀታ በአውራ ጣትህ ታሻሸዋለህ። ጣትህ ቆም ስትል «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» እልሃለሁ፣ አንተም ለሷ ትላታለህ።

አትቆጣ። ስላማረብህ ነው።

አሁን ቃሉን በቃልህ ከያዝክ ጥሩ ነው። ሹክ ባይ አያስፈልግህም ማለት ነው። ሌላ ሰው እንዳያስፈልግህ ብቻ እፈራለሁ።

እትዬ መርፌ «በየግድግዳው የሚለጠፈውን ዝናብ ይልጠዋል» በይው ብላኛለች። ሰላምታዋ ነው፣ ታውቃታለህ።

ስለ እኛ ጉዳይ ወረቀት ሲገኝ ጻፍልኝ።

ሹክሹክታ


ኅዳር 20

ለሹክሹክታዬ፣

አልተቆጣሁም። ማን ተቆጣ? እንደ ጎማ ካላማዳሪያ ስትነፊኝና ስታስተነፍሺኝ ከርመሽ አሁን አትቆጣ ትዪኛለሽ። ሕዝቡ ሲያለቅስ እኔ ደግሞ «ይሄ ሁሉ የኔ ችሎታ ነው» እያልኩ ቤቴ ስገባ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነሽ ስትስቂብኝ ነበር። ይሁን። ትልቅ ሰው ቂም አይዝም።

የመጨረሻውን ትዕይንት ጀምረን ነበር፣ ካሜራው ተበላሽቶ ቆመ።

እሺ፣ ካሜራው አልተበላሸም። ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አታንብቢላት።

ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ቃሉ ግን አይጠፋኝም! አፌ ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፏል። ዳይሬክተሩ «ዝም በል» ይላል፣ ዝም እላለሁ። ግን ዝም ብዬ ስቆም ዝም ብሎ የቆመ ሰው ነው የምመስለው። «ትራንስፖርት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው» አለ መብራት የሚይዘው። «እናትህን አስብ» አሉኝ። እማዬን ሳስብ ደግሞ ጎረቤት ስትጮህ ትዝ ትለኝና ሳቄ ይመጣል። ጣቴን እጀታው ላይ አሻሸሁ፣ እንዳልሽው። «ምን ያሳክክሃል?» አለኝ ዳይሬክተሩ። በመጨረሻ ስክሪፕቱን ወረወረና «ያ አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ሰውዬ የት ሄደ?» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ። እኔ ላይ! እመቤቲቱ ሻይዋን ይዛ ወጣች።

ያኔ ነገርኩት። እውነቱን ሁሉ። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ረዳቷን ልጅ ከመብራቱ ኋላ አስቀምጦ ሹክ እንድትለኝ አደረገ። ሹክ አለች። ቃሉን ሰማሁት። ግን የሷን ቃል ማን ይጠብቃል? ብትለኝም ባትለኝም ግድ የለኝም። «ታዲያ እሷን ራሷን ለምን መጀመሪያውኑ አላመጣሃትም?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

ይኸው፣ የአውቶቡስ ትኬት አብሮ አለ። የፊት ወንበር ነው፣ እንደ ንግሥት ነው የምትመጪው። ሥራሽ ቀላል ነው፣ ከመብራቱ ኋላ ቁጭ ማለትና ያው የለመድሽውን ሹክ ማለት። ካሜራው ቢሰማ እንኳ ቆርጠው ይጥሉታል፣ ጠይቄያለሁ።

እትዬ መርፌ የምትሠራበት ፋርማሲ ስልክ ላይ ደውዬልሽ ነበር። እሷው አንስታ «የለችም» አለችኝ። ከኋላዋ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ሳልሽን የማላውቀው መስሏት ነው?

ስለ እኛ ጉዳይ ስትመጪ በአካል እናወራለን። ብቻ ነይ።

ነጎድጓድ


ታኅሣሥ 3

«አልችልም»። በቃ? ለዚህች ቃል ነው ፖስታ ያባከንሽው?

እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ሰው ነው እኔን የሚለምነኝ። አንቺን ግን ለመንኩ፣ ዳይሬክተሩን ለመንኩ፣ ትኬት አስቆረጥኩ፣ «ትመጣለች፣ እኔ ካልኳት ትመጣለች» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሰዎቹ መብራታቸውን ደርድረው በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። አንዲት ቃል! ለምን እንደማትችዪ እንኳ የለባትም።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ወዳጃችን በዚህ አልፎ የእማዬን መልእክት ነግሮኛል። ደብዳቤዬን አሁን የምታነብላት እትዬ መርፌ ናት አሉ፣ በዚያ በአፍንጫዋ ድምፅ። አንቺ ከጎን ሻርፕ ተጠምጥመሽ ቁጭ ትያለሽ አሉ፣ አንድ ቃል አይወጣሽም አሉ። እማዬ «ምን አድርጌያት ነው ያኮረፈችኝ?» ብላ አልቅሳለች። በኔ ተቀይመሽ ከሆነ በኔ። አሮጊቷ ምን አደረገችሽ?

ሹፌሩ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ያ ነጭ ጋውን የለበሰው ፋርማሲስት ክንድሽን ይዞ ሲያሻግርሽ አይቷል። አስፋልት መሻገር መቼ ነው የጠፋሽ? አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔ ጎማ ለጣፊ፣ እሱ ክኒን ቆጣሪ። ያሰብሽበት ነው።

ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። ዳይሬክተሩ አንድ ሌላ አክተር አምጥቷል። «ለመጠባበቂያ» ይላሉ። ቀጭን ነው፣ ሸሚዙ የኔ ነው፣ ሻንጣው የኔ ነው፣ ጥግ ላይ ቆሞ የኔን ቃል ያነበንባል። ይህን ትዕይንት ካልቻልኩ ከመጀመሪያ ጀምረው በሱ ሊቀርጹት ነው። ግድ የለም። ያላንቺም እሠራዋለሁ። ነጎድጓድ በማንም ሹክሹክታ አልተፈጠረም።

ባለፈው ስለ እኛ ጉዳይ ጻፍልኝ ማለትሽ አሁን አስቆኛል። ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ደህና ሁኚ አልልሽም። ደህና እንደሆንሽ ከዚህ ይታየኛል።

ነጎድጓድ


ታኅሣሥ 11

ለነጎድጓድ፣

ደብዳቤህን እትዬ መርፌ ልታቃጥለው ነበር፣ ቀማኋት። ስድብህ ናፍቆኝ ነበር።

በመጀመሪያ እማማን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እንዴት እንደሆነ ቆይተህ ይገባሃል። አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ፣ እሳቸውም ሻርፔን ሲነኩት ደነገጡ፣ ከዚያ ብዙ አለቀስን። አሁን ታርቀናል። ለአንተ እንዳይነግሩ በእጄ አፌን ይዤ ለመንኳቸው። ሹፌሩ ሲመጣ ግን እንደማይችሉ አውቃለሁ፣ ስለዚህ እኔው ልቅደም።

ጉንፋን አልነበረም። ጉሮሮዬ ውስጥ እባጭ ተገኘ። ማሩ ምንም አላደረገውም። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ ግን ዙሪያ ጥምጥም አያውቅበትም። «ወይ ድምፅሽ፣ ወይ አንቺ» አለኝ። ራሴን መረጥኩ። ስልክ የደወልክ ቀን እዚያው ነበርኩ፣ በማግሥቱ ነበር ቀጠሮዬ። የምትሰማው የመጨረሻ ድምፄ ሳል እንዲሆን አልፈለግኩም። ሆነ።

አሁን የለም። ሹክሹክታም የለም። ስተነፍስ አንገቴ ላይ በከፈቱልኝ ቀዳዳ በኩል እንደ ጎማ «ፉስ» ይላል፣ አንተ ብትሰማው ልትለጥፈው ትነሳ ነበር። ሻርፑ ለዚያ ነው። ፋርማሲስቱ ክንዴን የያዘኝ እትዬ መርፌ ሐኪም ቤት በር ላይ ራሷን ስታ ስለወደቀች ነው። ሁለታችንንም ነው የደገፈን። ሚስት አለችው፣ አትሳደብ። እትዬ ደግሞ አሁን ደልቷታል፣ ስትናገረኝ ውላ ብታድር መላሽ የላትም።

ያልነገርኩህ ሥራህን እንዳላበላሽብህ ነው ብዬ ነበር ለራሴ። ውሸቴን ነው። ብነግርህ ምን እንደምትል ፈርቼ ነው።

ትኬቱን መልሼልሃለሁ፣ ፖስታው ውስጥ አለ። ትኬቱ የመጣ ቀን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳየው ዋልኩ። ስንት ጊዜ ስለ እኛ ጠየቅኩህ፣ ስንት ጊዜ ወረቀት አለቀብህ። ሹክ ባይ ያስፈለገ ቀን ግን ወረቀቱም ተገኘ፣ የፊት ወንበርም ተገኘ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያለ ጉራ፣ ያለ ቀልድ። ትኬቱን ለማን ላክኸው? ለእኔ ነው፣ ወይስ ለድምፄ?

ሹክሹክታ
(ከእንግዲህ ሌላ ስም ፈልግልኝ)


ታኅሣሥ 19

ለአንቺ፣

ስም ፈልጌ አጣሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀረጻ ቦታ ነው። ራሴ አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ሜካፕ ሠሪዋ «ላግዝህ?» ስትለኝ «ዞር በይልኝ» አልኳት። ፊቴ ላይ የቀባችው ሁሉ ተበላሸና እንደገና ቀባችኝ።

የዚያን ቀን የመጨረሻው ሙከራዬ ነበር። ቀጭኑ ሰውዬ ሸሚዙን ለብሶ ተዘጋጅቷል። ሻንጣውን አንስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። እመቤቲቱ ታየኛለች። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ያ ሻርፕሽ መጣብኝ። ከጀርባዬ ማንም እንደሌለ፣ ከእንግዲህም ማንም እንደማይኖር ታወቀኝ። አንድ ሰው የሆነ ነገር እንዲለኝ ፈለግኩ። ማን ይበለኝ? ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። መብራቱ ሲግም ይሰማኛል። ከዚያ ቃሉ ራሱ ወጣ። በትንሽ ድምፅ፣ እኔ እንኳ የኔ አልመሰለኝም።

«ቁረጥ» የሚል ጠፋ። ቆይቶ ዳይሬክተሩ መጥቶ አቀፈኝ። «ይኸው፣ ይኸው ሰውዬዬ!» አለኝ። እመቤቲቱ የእውነት አለቀሰች። ድምፅ ቀራጩ ሳይቀር አጨበጨበ። ቀጭኑ ሰውዬ ሸሚዙን አወለቀ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። እዚያው መሃል ላይ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንገትሽን እያሰብኩ፣ በልቤ «ይሄ ነው! መጣልህ! እንዳትነካው፣ ያዘው!» አልኩ። ገባሽ? በሐዘኔ ሠራሁበት። ባንቺ ሠራሁበት። ያን ያየ የለም፣ እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ያለ ጉራ ልመልስልሽ። «ለአንቺ ነው!» ብዬ በትልልቁ ጽፌ ፖስታው ውስጥ ከትቼው ነበር። አውጥቼ ቀደድኩት። ትኬቱን የላክሁት ለድምፅሽ ነው። ፊልሙ እንዳያመልጠኝ ነው። ያን ቀን ሌላ ነገር ትዝ አላለኝም።

ሆቴሉም ሆቴል አይደለም። የልብስ መጋዘን ነው፣ መስታወቱ የአክተሮቹ ነው። «ጌታዬ» የሚለኝ ሰው የለም፣ ሲቀሰቅሱኝ በእግራቸው ነው።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄኛውን ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ወዳንቺ የሚወስደኝን። ሥራዬ አልቋል፣ የሚጠብቀኝ ነገር የለም። ድምፅ አልፈልግም። መናገር የለብሽም፣ እኔ ለሁለት እናገራለሁ፣ ታውቂኛለሽ። ፉስ ስትዪም አልስቅም፣ ወይም ከሳቅሽ አብሬሽ እስቃለሁ። ስለ እኛ ጉዳይ በሰፊው የምለው ይሄ ነው። ሌላ ጊዜ ወረቀቱ አልቆብኝ ሳይሆን ያለሽ ስለመሰለኝ ነበር፤ የትም የማትሄጂ፣ እዚያው መጋረጃው ጋ።

ና በይኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ።

እኔ


ሚያዝያ 2

ለአንቺ፣

ገብቶኛል። ደጋግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ቃል መሸምደድ ጎበዝ ሆኛለሁ አይደል?

«ብትዋሸኝ ኖሮ ና እልህ ነበር» ብለሻል። በሆቴሉ ስዋሽሽ፣ በእመቤቲቱ ስዋሽሽ፣ እያወቅሽ ስትስቂልኝ ከረምሽ። አንዴ እውነት ብናገር ጉድ ሆንኩ። ጠዋት ጎማ ስነፋ ትዝ እያለኝ «ምናለ ያቺን ወረቀት ባልቀደድኳት!» እላለሁ። ከሰዓት ደግሞ ባልቀድዳት ኖሮ እመጣ ነበር፣ አንቺም ትቀበይኝ ነበር፣ ከዚያ በየቀኑ ፊቴን እያየሽ «ለእኔ ነው ወይስ አዝኖልኝ?» ትዪ ነበር እላለሁ። ይህን አንቺ ቀድመሽ አይተሽዋል። ሁሌም ቀድመሽ ነው የምታዪው።

አዎ፣ ጎማ ነው የምነፋው። ስለጠየቅሽኝ ነው እንጂ ልነግርሽ አልነበረም። ፊልሙ ካለቀ ወዲህ ዳይሬክተሩ ሌላ ሥራ አለ ብሎኝ ነበር፣ ቢሮው በረንዳ ላይ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል። ስለዚህ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። እዚህም ከኔ የሚበልጥ የለም፣ ያለ ጉራ ነው የምልሽ። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ጎማውን እኔ ጋ ነው የሚያስነፋው። አጥብቄ ነው የምነፋለት። አልሳፈርም፣ እንዳልሽው።

ፋርማሲስቱን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ለእትዬ መርፌም ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፏል፣ ዝናቡም ልጦታል በያት፤ ደስ ይበላት።

ፊልሙን እኔ አላየሁትም። መግባት አቅቶኝ አይደለም። ሲኒማ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር፣ ሰዎች ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲወጡ አየሁ፣ አንዷ በኔ አጠገብ አልፋ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው!» አለች፣ አላወቀችኝም። ወደ ጋራዡ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ወር የኛ አዳራሽ ይመጣል አሉ። ጋሼ መጋረጃ እማዬን ፊት ለፊት ሊያስቀምጧት ነው። አንቺ ባትሄጂ አይከፋኝም፣ የሻልሽን አድርጊ። ግን ከሄድሽ ከአጠገቧ ተቀመጪ። እማዬ ፊልም አይታ አታውቅም። ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ስቆም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ስል፣ ከዚያ ስወጣ፣ «ወዴት ነው የሚሄደው? እየወደዳት ለምን ይሄዳል?» ብላ ጮክ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ሰዉ ዝም በይ ይላታል፣ እሷ ደግሞ ዝም አትልም፣ ወደ አንቺ ዞራ ትጠይቅሻለች። አንቺ መናገር አትችዪም። ጽፈሽ እንዳትሰጫት እሷ ማንበብ አትችልም።

እጇን ያዢልኝ። መብራቱ እስኪበራ ብቻ።